ወጌሻውና ጠላቂዋ ወፍ

ይሁን የሚባለው የሰፈራችን ወጌሻ እጁ ለስላሳ፣ አፉ እሬት ነበር። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ጣቶቹ የአራስ ልጅ ገላ የሚያጥቡ ይመስላሉ፤ ምላሱ ግን በዚያው ቅጽበት የታማሚውን ዘር ማንዘር ይሞልጫል። «ማን ግድግዳ ላይ ውጣ አለህ? ድመት ነህ?» እያለ ነው አጥንት የሚገጥመው። ታማሚው በስድቡ ሲናደድ ሕመሙን ይረሳል። ይህ ዘዴ ነው ወይስ ጠባይ እያልን ስንከራከር ኖረናል። ባለቤቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጠባይ ነው፤ እኔን መቼ አጥንቴ ተሰብሮ ነው የሚሰድበኝ?» ብላ ፈርዳ ነበር።

ወደ ጅጅጋ የመጣው በጉብዝናው ወራት፣ በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነው። የወጌሻነትን ሙያ ከአጎቱ የወረሰ ስለ ነበር ብዙም ሳይቆይ የኳስ ቡድን ወጌሻ ሆነ። ሜዳው አቧራ ብቻ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን፣ አንድ ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ይሁን የውሃ ጠርሙሱን ይዞ ሲሮጥ ተመልካቹ ለጎል ከሚያጨበጭበው አብልጦ ያጨበጭብለት ነበር። ሶማልኛን የተማረው ከስድቡ ጀምሮ ነው፤ ሰላምታውን የጨመረበት ኋላ ነው። ያም ሆኖ የሶማሌውም፣ የሐረሪውም፣ የጉራጌውም ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ እናቱ አቅፋው የምትሮጠው ወደዚያ ተሳዳቢ ሰው ደጅ ነበር።

ይህ የምተርከው ነገር የሆነው በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ከብቱን የጨረሰው ድርቅ አልፎ፣ ሰማዩ ታርቆን፣ ዝናቡ ሌሊት ሌሊት ይወርድ ጀመር። ሰው ሁሉ ፊቱ ሲፈታ ይሁን ብቻ ከወትሮው ብሶ ነበር።

ምክንያትም ነበረው። ከዝናቡ በፊት የአንድ ሕፃን ክንድ ተሰብሮ እሱ ዘንድ መጥቶ ነበር። ይሁን በሸምበቆ አሰረለት። ከዚያ የልጁ ጣቶች አበጡ፣ ጠቆሩ፤ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጠው ጣሉትና «ትንሽ ቢዘገይ እጁ ይሄድ ነበር» አሉ። እጁ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን እንደ በፊቱ አልታጠፉም። የልጁ አጎት ዋሪስ የከብት ደላላ ነው፤ ደላላ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ ገበያው ሁሉ ይሰማል። «ይሁን ልጅ አበላሸ» ተባለ። ይሁን በበኩሉ በየደጁ እየዞረ፣ «እኔ እንዳሰርኩት ቢቆይ ምንም አይሆንም ነበር። እናቱ ሪሐና ጨርቁን ውሃ አስነክታ፣ ፈትታ እንደ ገና ስላሰረችው ነው» ይል ነበር። ከፊሉ እሱን አመነ። ሪሐና ባሏ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው፤ ስልክ ሲደውል ይህንኑ ሰምቶ ይጮኽባት ጀመር አሉ። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ወደ ልጇ እጅ እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ ሳለ ነው ጉሃድ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር በማለዳ ጃኬቱን በደረቱ አቅፎ የመጣው።

«አዴር! አዴር ይሁን! ታማሚ አምጥቻለሁ!» አለ፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

«ቁርስ ላይ ነኝ። ቁጭ ብሎ ይጠብቅ።»

«መቀመጥም አትችልም፣ መቆምም አትችልም።»

ጃኬቱን ሲገልጠው ከርግብ የማትበልጥ ክብ ወፍ ወጣች። አንገቷ የደረቀ በርበሬ ቀለም ነው፤ ከምንቃሯ ሥር በግራም በቀኝም የስንዴ ፍሬ የምታህል ቢጫ ምልክት አለች። ጅራት የሚባል የላትም፤ በጅራት ፈንታ ያልተዳመጠ ጥጥ የመሰለ ነገር ነው ያላት።

«አስፋልት መሃል ተደፍታ አገኘኋት» አለ ጉሃድ። «ወላሂ ልጨፈልቃት ነበር። ስጠጋ ልትሮጥ ትነሣና በደረቷ ትወድቃለች። ደግማ ትነሣለች፣ ደግማ ትወድቃለች። እግሯን እየው፣ ወደ ኋላ ዞሯል።»

የይሁን ክፍልና የሂንዳ ሻሂ ቤት አንድ በረንዳ ይጋራሉ። ሂንዳ ጉናጋዶ አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ ለይሁን ስድብ አጸፋውን የምትመልስ ብቸኛዋ ሰው ናት። ማንቆርቆሪያዋን እንደ ያዘች መጥታ አንገቷን አሰገገች። «የዳክዬ ጫጩት ናት?» አለች።

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው? ሰጎን?» አላት ይሁን።

እኔ ሻሂ እየጠጣሁ ነበር። በልጅነታችን በተማርንበት የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የዳክዬ ሥዕል ነበር፤ ምንቃሯ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ጣቶቿ በአንድ ቆዳ የተያያዙ። የዚህችኛይቱ ምንቃር ግን ሹል ነው። ጣቶቿም አልተያያዙም፤ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ቅጠል የተለበጠበት ይመስላል። ይህን ልል አፌን ስከፍት፣ «አንተ ደግሞ የመጽሐፍ ብል፣ ሻሂህን ጠጣ!» አለኝ።

ዳሌዋን ዳበሰ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ፊቱ ጠቆረ። «ሁለቱም ወልቋል» አለ። «ሁለቱም ወደ ኋላ ተንሸራትቷል።»

በዚህ ጊዜ በረንዳው በሰው ሞልቶ ነበር። ዋሪስም ወደ ገበያ ሲያልፍ ቆመ። «ሰው አልበቃ ብሎህ ወደ ወፍ ወረድክ?» አለው።

ይሁን ወፏን በግራ እጁ እንደ ያዘ ተነሣ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲወጠር አየሁት። «ስማኝ አንተ የፍየል ደላላ! ሁላችሁም ስሙኝ! ይቺ ወፍ ቆማ ካልሄደች ከዚያች ቀን ጀምሮ አጥንት አልነካም! ቆማ ከሄደች ግን የዚያ ልጅ እጅ የማን ጥፋት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ!»

«በነቢዩ! ምስክር ነን» አለ ዋሪስ፣ እየሳቀ።

ይሁን ሸምበቆ ሰነጠቀ፣ ጨርቅ ተረተረ። እግሮቿን እየሳበ ወደ ፊት፣ ከሆዷ ሥር አመጣቸው። ወፏ እሪ አለች፤ አውራ ጣቱን ወግታ አደማችው። «ዝም በይ፣ ምስጋና ቢስ!» እያለ አሰራት። እጆቹ እንደ ወትሮው የለሰለሱ ነበሩ። ሲጨርስ በካርቶን ውስጥ ቁጭ አደረጋት፤ በእርግጥም ዶሮ የተቀመጠች መሰለች።

እንጀራ ሰጣት፤ እምቢ። ማሽላ በተነላት፤ እምቢ። ይልቁንስ የራሷን ደረት ላባ እየነጨች መዋጥ ጀመረች። ጉሃድ ይህን አይቶ፣ «አዴር፣ አበደችብህ» አለ። ይሁን ማሽላውን ካርቶኑ ላይ ወረወረና፣ «የጤና ጣቢያ መድኃኒት ብሰጣት ትበላ ነበር አይደል?» ብሎ ወጣ። በዚያ ሰሞን ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚመልሰው ሰላምታ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ቢመጣ፣ «መጀመሪያ ወፏን እይ፤ ካመንክ ተቀመጥ፣ ካላመንክ ሂድ!» አለው። ሽማግሌው ሄደ።

ዐብዲናስር የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ የሂንዳ ደንበኛ ነው። ስለ ከብት እርባታ የሚያስተምር ትሑት ሰው። ወፏን አይቶ፣ «እኔ የግመልና የፍየል ሰው ነኝ፤ ግን እጠይቅላችኋለሁ» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሣት። ሲመለስ ወንበሩን ወደ ይሁን ጠጋ አደረገ።

«አዴር፣ ዳክዬ አይደለችም። ጠላቂ ወፍ ናት። ኑሮዋ ሁሉ ውሃ ላይ ነው፤ ጎጆዋን እንኳ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ሣር ነው የምትሠራው። የምትጓዘው ሌሊት ነው፤ ዝናብ የሞላውን ኩሬ እየፈለገች ትዞራለች። እርጥብ አስፋልት መብራት ሲያርፍበት ከላይ ውሃ ይመስላል፤ እዚያ ላይ ነው ያረፈችው። ከመሬት ተነሥታ መብረር ደግሞ አትችልም፤ በውሃ ላይ መንደርደር አለባት።»

«ላባዋን የምትበላውስ?» አለች ሂንዳ።

«ልማዷ ነው። ከዓሣና ከውሃ ነፍሳት ጋር የምትውጠው ሹል ነገር ሆዷን እንዳይወጋት ላባው ይሸፍንላታል ይባላል። እና እግሯ... አዴር፣ እንዳትቆጣ። እግሯ ድሮም የተተከለው ከኋላ ነው። ልትሄድበት አይደለም የተሰጣት፤ ልትቀዝፍበት ነው።»

ይሁን ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ሻሂው ፈነጠቀ። «ፎቶ አይተህ አጥንት ታክማለህ? ልክ እንደ ጤና ጣቢያዎቹ! እኔ የማምነው እጄን ነው! ፈጣሪ ምን አጥቶ ነው እግርን ከኋላ የሚተክል?»

«ጀልባ ሞተሩ የት ነው ያለው?»

«ጅጅጋ ውስጥ ጀልባ አይቼ አላውቅም!»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ዐብዲናስርም ሳቀ። ይሁን ግን አልሳቀም፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ መምህሩን በሰላምታም አላለፈውም።

ወፏ በማግስቱ አንገቷን ደፋች። ይሁን ወደ ሱቅ ሲሄድ ሂንዳ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ አምጥታ ንጹሕ ውሃ ሞላችበት። «እናንተ በክርክር ግደሏት፤ እኔ ግን ዝም ብዬ አላይም» አለችና ከነማሰሪያዋ ውሃው ላይ አስቀመጠቻት። ወፏ ዓይኗ ወዲያው ተከፈተ። ነገር ግን የታሰረ እግሯ ሚዛን ነሥቷት ወደ ጎን ትገለበጥ ጀመር።

ይሁን የመጣው በዚህ ሰዓት ነው።

«አንቺ ሴት! አበድሽ? ማሰሪያው ሲርስ ሊላላ ነው!»

«ዋርያ፣ አንተ ይሁን! ማሰሪያህ ነው ወይስ ነፍሷ?»

«ሆን ብለሽ ነው! እንደዚያችኛይቱ ሪሐና አንቺም...»

ያላለቀው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ፤ ወፏ በጀርባዋ ተገልብጣ ነበርና። ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ሳፋው ውስጥ ከተተና መዳፉን ከሆዷ ሥር ዘርግቶ አቀናት። እንዲያ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ወፏ መዳፉ ላይ ተቀምጣ በሙሉ ኃይሏ ልትቀዝፍ ትታገል ነበር። ማሰሪያው እየያዛት፣ እሷ ከዳሌዋ እየገፋች። ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ ደጋግማ።

ስድብ ጠበቅን።

«ምላጭ አምጡልኝ» አለ በመጨረሻ።

ማሰሪያውን በውሃው ውስጥ ቆረጠው። እግሮቿ ከሆዷ ሥር ተፈናጥረው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ቦታቸውንም ያዙ። ሳፋው ውስጥ አንዴ ቀዝፋ ጠርዙን በምንቃሯ ገጨችው። ይሁን እጁን እያንጠባጠበ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«እብጠት የለም» አለ ለራሱ። «ትኩሳት የለም። ሁለቱ እግሮች ደግሞ አንድ ናቸው። አጎቴ ስብራትን ከጤነኛው ጋር አስተያይ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ሆነው ሳገኛቸው ሁለቱም ወልቋል አልኩ።»

ጉሃድ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አዴር፣ ቀላል ነው። ማንም ሳያይ ወስደን ኩሬው ላይ እንልቀቃት። ቆማ ሄደች እንላለን። ማን ያውቃል?»

ይሁን ቀና ብሎ አየው። ይሰድበዋል ብዬ ነበር። «ባጃጅህን አስነሣ» ብቻ አለው።

ወፏን ካርቶን ውስጥ አድርገን፣ እኔና ሂንዳ ከኋላ ከእሱ ጋር ተጣብበን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የከብት ማጠጫ ኩሬ ሄድን። ድርቁ ያሰነጣጠቀው ጭቃ አሁን ሐይቅ መስሎ ነበር፤ በወዲያኛው ጠርዙ ረጅም ሣር በቅሎበታል። ማንም ሳያይ ማለት ግን ጅጅጋ ውስጥ የለም። ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱም መካከል የገዛቸውን ፍየሎች ያመጣው ዋሪስ።

«ኧረ ወጌሻው! ቆማ ሄደች?» ብሎ ጮኸ ከሩቁ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ መጣ።

ይሁን ሱሪውን ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና ወፏን አስቀመጣት። ለቅጽበት ያህል ተንሳፈፈች። ከዚያ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ሰጠመች፤ የተወረወረ ድንጋይ እንኳ ከእሷ የበለጠ ውሃ ይረጫል።

ጠበቅን። ውሃው ላይ የቀሩት ክቦች ሰፉ፣ ጠፉ። ፍየሎቹ መጠጣታቸውን ቀጠሉ። ሂንዳ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

«ይኸው» አለ ዋሪስ። አሁን እየሳቀ አልነበረም። «ይቺንም ገደልካት።»

ይሁን ፊቱን ከውሃው አልመለሰም፤ ድምፁ ግን እስከ ወዲያኛው ዳር ተሰማ።

«አዎ ገደልኳት! ጤነኛ እግር አስሬ ገደልኳት! ምን ትፈልጋለህ? የወንድምህንም ልጅ እጅ አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ! እናቱ ጨርቁን አላረጠበችም! አልፈታችም! ጣቱ ሲያብጥ ይዛው መጥታ ነበር። ምንም አይደለም፣ ስብራት ሁሉ ያብጣል፣ አንቺ ፈሪ ብዬ ሰድቤ የመለስኳት እኔ ነኝ! በቃ? ጠገብክ?»

በዚህ መካከል ነው በወዲያኛው ዳር፣ ከረጅሙ ሣር አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ አንገት ብቅ ያለችው። ራሷን አራገፈችና የሚንዘረዘር፣ የሚያሽካካ ሰው ሳቅ የመሰለ ድምፅ አሰማች። በውሃ ውስጥ ለውስጥ ኩሬውን ስታቋርጥ ነበር ለካ!

ከብት አጠጪዎቹ እልል አሉ። ጉሃድ እየዘለለ አጨበጨበ። ይሁን አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ያ የምናውቀው ቁጣው ተመለሰ። ከኩሬው ጭቃ ዘግኖ ወደ እሷ ወረወረ። «ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትወጪ ምን ነበረበት? ልብሽ ይውጣ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭቃው ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም፤ እሷ ግን ደግማ ጠለቀች።

ዋሪስ አልሳቀም። «ወጥታለች፤ ቆማ ግን አልሄደችም» አለ። «የተናገርከውንም ሰምተናል።»

«አጥንት አልነካም ብያለሁ፣ አልነካም! ሌላስ?»

«ሪሐና አልሰማችም።»

«እነግራታለሁ!»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ! ጉሃድ! ምን ቆመህ ታፈጣለህ፣ አስነሣ!» ዋሪስ ፍየሎቹን ለሰው አደራ ሰጥቶ በእኛ ቦታ ተቀመጠ፤ እኔና ሂንዳ በእግራችን ተመለስን።

ሪሐና ቤት የሆነውን ጉሃድ ነው የነገረን። ግቡ አላለቻቸውም። በሩ ላይ ቆማ እስኪጨርስ ሰማችው፤ ከዚያ፣ «ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለችው። «በየደጁ ዞረህ አይደለም ወይ ስሜን ያጠፋኸው? በየደጁ ዞረህ መልሰው። ለባሌም ደውልለት፤ ያኔ ተመልሰህ ና።» እና በሩን ዘጋችበት።

በባጃጁ ውስጥ፣ በዚያው በር ላይ፣ ደወለለት አሉ። ባልየው ከዚያ ማዶ ሲጮኽ ይሁንም ሲጮኽበት፣ ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመስማት ጎረቤት ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በየደጁ ዞረ። ጸጥ ብሎ የተናገረበት ደጅ አልነበረም፤ እየተቆጣ አንኳኳ፣ እየተቆጣ ተናገረ፣ ሰዎች «ግባ እንጂ» ሲሉት እየተቆጣ ሄደ። አንዳንዱ መረቀው፤ አንዳንዱ፣ «የእኔስ ልጅ ጉልበት?» ብሎ የቆየ ቂሙን አወጣበት። ያንንም ቆሞ ሰማው፤ ጥርሱን ነክሶ። ዛሬም አጥንት አይነካም። ተሰብሮ የሚመጣበትን ሁሉ፣ «ጤና ጣቢያ! እዚያ ነው! ዓይን የለህም?» እያለ ያባርራል።

ወደ ሂንዳ ሻሂ ቤት የደረሰው በመጨረሻ ነው። እኔም ዐብዲናስርም ተቀምጠን ነበር። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«የሪሐና ልጅ እጅ የተበላሸው...» ብሎ ጀመረ።

«እኔ እኮ ኩሬው ላይ ነበርኩ» አለች ሂንዳ። «ሰምቻለሁ። ግባና ሻሂ ጠጣ።»

«ለአንቺም ተናግሬ ነበር ወይስ አልተናገርኩም፣ እናቱ ናት ብዬ? እዚችው በረንዳ ላይ?»

«ተናግረሃል።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ስሚ!» አለና ከመጀመሪያው ጀመረ።